ያነሳሁትን አልጥልም

የመጡ ጊዜ ደንበኛ መስለውኝ ነበር። ሦስት ሆነው ደብረ ሲና ካለችው ፎቶ ቤቴ በር ላይ ቆሙ። ውጭ ጉም ስለነበር ጫማቸው እርጥብ ነው። እኔም እንደ ልማዴ፣ «ለጉርድ ነው ለሙሉ?» አልኳቸው።

«ለሙሉ» አለ አንደኛው ፈገግ ብሎ።

ካሜራዬን፣ የታጠበውንም ያልታጠበውንም ፊልም፣ የመብራቱን ጃንጥላ ሳይቀር በሙሉ ጫኑና እኔን ከላይ ጨመሩኝ። በዚያ የምርጫ ሰሞን፣ ግንባሩ በሚገዛን ዘመን፣ እንዲህ የተጫነ ሰው ብዙ ነው፤ የኔ ብቻ አስመስዬ አላወራውም።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ጆሮዬ ይደፈናል፣ ይከፈታል። ከቤቴ ጋቢ ተከናንቤ የወጣሁ ሴት፣ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ላቤ በአገጬ ይንጠባጠብ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ የቆርቆሮ ቤት አስገቡኝ። ድሮ የሽንኩርት መጋዘን ነበር አሉ። ሽንኩርቱ ከወጣ ቆይቷል፣ ሽታው ግን አልወጣም። በሩ እንደተከፈተ ዓይኔን አቃጠለኝና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

«አይዞሽ» አለኝ ከጥጉ የአንዲት አሮጊት ድምፅ። «እዚህ ቤት ማን እንዳለቀሰ፣ ማንን ሽንኩርቱ እንዳስለቀሰው አይታወቅም። ደስ ያለሽን ያህል አልቅሺ።»

እማማ ነበር የምንላቸው። ከካራቆሬ ወዲህ ካለ የማሽላ አገር የመጡ ሙስሊም ናቸው። ያጠፉት ነገር የለም፤ የሚፈለገው ልጃቸው ነው። እሱ ሲጠፋ፣ እስኪገኝ እናቱ ትቀመጥ ተባለ። ጉልበታቸው አብጦ ስለነበር ለሶላት ሲሆን እጃቸውን ዘርግተው «አንሺኝ» ይላሉ። አጠገባቸው ያለች ሴት ብብታቸውን ይዛ ታነሳቸዋለች። እኔ ከገባሁ በኋላ ይህ ሥራ የኔ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ቆርቆሮው ግሎ ጀርባ አያስነካም። እኔ መሬቱ ላይ ተዘርግቻለሁ።

«ደገኛዋ እንደ ቅቤ ቀለጠች!» አሉ እማማ። «ኧረ ቅል አምጡና እንሰብስባት! ለመሆኑ እዚያ ተራራ ላይ ምን ትሠሪ ነበር?»

እንግዲህ ወሬ ከተጠየቅሁ አላርፍም። ጣርማ በር አፋፉ ላይ መወለዴን፣ መንገደኛ ከመኪናው ሲወርድ ገደሉን ከኋላ አድርጌ ፎቶ እንደማነሳ ነገርኳቸው። ችግሩ ጉሙ ነው። አንዳንዴ የገዛ እጅሽን አያሳይሽም። ተራራ ላይ ያደገ ሰው ሌላ ምንም ባያውቅ መጠበቅ ያውቃል። ሾፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ተሳፋሪው «ጉሙን አንሺልንና እንሂድ እንጂ!» ይላል። እኔም፣ «ጉሙን የሚያነሳው እግዜር ነው፤ እኔ የማነሳው እናንተን ነው» እላለሁ።

ማንም አላስተማረኝም። የመጀመሪያውን ፊልም፣ ፎቶው ደርሶ እንደሁ ልየው ብዬ እንደ ድስት ክዳን ከፍቼ ነው ያቃጠልኩት። አብረውን የታሰሩት ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። እኔ ግን ከዚያች ጥፋቴ አንድ ነገር ይዤ ቀርቻለሁ፦ ብርሃን ሁሉ ደግ አይደለም፤ ጨለማ የሚጠብቀውም ነገር አለ።

«ስንወጣ እርስዎንም አነሳዎታለሁ» አልኳቸው።

«እኔን?» አሉ እማማ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ። «እኔ የምነሳው የቂያማ ቀን ነው!»

ሙታን የሚነሱበትን ቀን ማለታቸው ነው። ይህን ቃል ሰምቼዋለሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ወጣት ፎቶ ቤቴ መጥቶ ነበር። በምርጫው ሰልፍ ላይ መንገድ ዳር ለተቃውሞ እጃቸውን ከፍ አድርገው ከቆሙ ሰዎች መካከል ያነሳሁት ልጅ ነው። ሁለት እንዳጥብለት ለመነኝ፣ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለእናቱ። «እሷስ አትነሳም?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እኔ የምነሳው የቂያማ ቀን ነው ትላለች» ብሎ ሳቀ፤ ልክ እንደ እማማ ሆዱን ይዞ። በኋላ አንድ ምሽት ተሸፋፍኖ ተመለሰ። ፎቶው አልደረሰም ነበር። ሲደርስ የምልክበትን ቦታ፣ ያረፈበትን ቤት ጭምር ነገረኝ። እኔ ፖስታ ላይ መጻፍ ልማድ የለኝም፤ ሁሉንም በራሴ ነው የምይዘው። ደግነቱ!

ለእማማ ምንም ሳልል ከሰዓት በኋላ ጠሩኝ።

መርማሪው ትሑት ሰው ነው። ውኃ ሰጠኝ። ከዚያ ያንን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ፊልሜን ወስደው ራሳቸው አሳጥበውታል። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የታየኝ አጠባው ነው፤ አጥቁረውታል። በዚያ ሰዓት እንኳ ተናደድኩ።

«ይሄ ልጅ ፎቶ ቤትሽ ሁለት ጊዜ ገብቷል» አለኝ። «የት እንዳለ ንገሪንና ዛሬውኑ ቤትሽ ግቢ።»

ውኃውን ተጎነጨሁ።

«እናትሽ እዚያ አፋፍ ላይ ብቻቸውን አይደሉ? ክረምትም እየገባ ነው» አለ፣ እንደሚያዝንልኝ ሁሉ።

እናቴ ታየችኝ። በክረምት ጉሙ በበራችን ስር ገብቶ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ዓይኗ ደክሟል፤ ያለኔ ውኃ የሚቀዳላት የለም። ከወዲያ ደግሞ የሽንኩርቱ ቤት ጥግ ታየኝ፤ እዚያም እናት አለች። የቷን እናት ላንሳ የቷን ልተው? ሐሰት ልናገርም አሰብኩ። እኔ ሐሰት ስናገር አንገቴ ይቀላል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አይሳካልኝም።

«እየጠበቅሁ ነው» አለ።

«ጌታዬ» አልኩት፣ «እኔ ያነሳሁትን አልጥልም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ሥራዬ ማንሳት ነው። መጣል አልተማርኩም።»

የተናገርኩት ትንሽ፣ እሱ የጻፈው ብዙ። ብዕሩን ከደነና፣ «እንግዲያው ከሽንኩርቱ ጋር ክረሚ» አለኝ።

ስመለስ እማማ አጠገብ ተቀመጥኩ። በጆሯቸው፣ «ልጅዎ ፎቶ ቤቴ መጥቶ ነበር። ደኅና ነበር፤ ሲስቅ እርስዎን ይመስላል። አንድ ፎቶ ለእናቴ ብሎ አዝዞኝ ነበር» አልኳቸው።

በሻሻቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ።

«ሽንኩርቱ ነው» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የት ነው ብዬ አልጠይቅሽም። እንዳትነግሪኝም። አማና ነው፤ አንቺው ጋ ይቀመጥ።» አማና የሚሉት እኛ አደራ የምንለውን ነው።

ትንሽ ቆይተው እጃቸውን ዘረጉ። «አንሺኝ።»

የሶላት ሰዓት መስሎኝ ጎንበስ ብዬ ብብታቸውን ያዝኩ።

«ኧረ እንዲያ አይደለም! በፎቶ!»

«ካሜራ የለኝም እኮ፣ እማማ።»

«እሱን ጣይው። ልጄ ለኔ ተነስቶ እኔ ለሱ አልነሳም?»

አንደኛዋ ሴት ያላትን ንጹሕ ሻሽ አወጣች፣ ሌላዋ ፊታቸውን በውኃ አበሰች። ከቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ የሚገባ አንድ ዘንግ ብርሃን ነበር፤ ጉንጫቸው ላይ እንዲያርፍ አድርጌ አስቀመጥኳቸው። ተንበረከክሁና በጣቶቼ አራት ማዕዘን ሠራሁ።

«አገጭዎን ቀና... እንዲያ። አሁን አይተንፍሱ።»

«ቂያማ ሳይደርስ ትንፋሽሽን አቁሚ ትለኛለች!»

«እማማ!»

ትንፋሻቸውን ያዙ። ቀጥ ብለው፣ ጉልበታቸውን እንደማያማቸው ሰው፣ በጣቶቼ መካከል አዩኝ። በምላሴ፣ «ቀጭ» አደረግሁ።

ጠባቂው በሩን ገፋ አድርጎ፣ «ምንድነው ጫጫታው?» አለ።

«ፎቶ እየተነሳን ነው» አሉ እማማ፣ ሳይንቀሳቀሱ።

ተራ በተራ ተመለከተን። እኔ ጣቶቼን አላወረድኩም ነበር። ሳያውቀው ይመስለኛል፣ እጁ ከፍ ብሎ ቆቡን አስተካከለ። ከዚያ በሩን ዘጋ።

ከሳምንት በኋላ እማማን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው። ያን ጠዋት በብብታቸው ይዤ እስከ መኪናው ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። ልጃቸው እንዳልተያዘ ግን ከካራቆሬ የምትመጣ ነጋዴ ነግራኛለች። እኔን የለቀቁኝ ክረምቱ ካለቀ በኋላ ነው። እናቴን ጎረቤት ደግፏት ከርሟል፤ በሩ ላይ ቆማ በእጇ ፊቴን ዳሰሰችና፣ «ሽንኩርት ሽንኩርት ትያለሽ» አለችኝ።

ካሜራዬ አልተመለሰልኝም። ሌላ ገዝቼ ዛሬም ጉሙ እስኪነሳ አፋፉ ላይ እቆማለሁ። ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ራሱን በሚያነሳበት በዚህ ጊዜም ጥቂት ደንበኛ አላጣም። ሽማግሌ ወይም አሮጊት ከመኪና ወርዶ «አንሺኝ» ሲለኝ ግን አንድ ነገር አልለቀቀኝም። እጄ ካሜራውን ከመያዙ በፊት ወደ ብብቱ ይዘረጋል።