የእትዬ ዓለሚቱ በርበሬ ደርቋል

እስካሁን እውነት አልመሰለኝም። ዛሬ ጠዋት ልጃቸው ጽጌ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትመጣ «ማንን ልትሸውጂ ነው?» አልኳት። ምላሴን በቆረጠው።

የበርበሬ በረንዳ ሰዎች፣ ይህን ወረቀት በሱቃቸው በር ላይ የለጠፍኩት እኔ ጎረቤታቸው፣ ወንፊት ሻጩ ደምሴ ነኝ። ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ነው፣ ትምህርቱን አራተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት። ደግሞ ቀልዱን ጀመረ እንዳትሉኝ። እትዬ ዓለሚቱ አርፈዋል።

ባለፈው ክረምት ጡታቸው ላይ እጢ ተገኝቶ ኦፕራሲዮን ተደረጉ። አንዱን ጡት አወጡላቸው። ከሐኪም ቤት ሲመለሱ በባዶው በኩል ጥጥ የሞላ ከረጢት ሰፍተው አስገቡና «አንተ፣ እስቲ የራሴ የትኛው ነው?» ብለው አፋጠጡኝ። እኔ ደምሴ በቀልድ የተቀደምኩት ያን ቀን ነው።

ቁስሉ ግን እምቢ አለ። የቆዳው ጠርዝ ጠቁሮ መላላጥ ጀመረ። ሐኪሞቹ ከጭናቸው ቆዳ ወስደው ለጠፉበት። «ከቀሚሴ ቀድሜ እኔው ተጣፍኩ» ብለው ሳቁ።

ቁስላቸውን የሚያጥበው ድሬሰር ሲያስጠነቅቅ አጠገባቸው ነበርኩ። ቆዳው እስኪይዝ ሳል የለ፣ ማስነጠስ የለ፣ በርበሬ የሚባል ነገር እደጃቸው እንዳይደርስ።

እኛ ደግሞ ምን ነን? በርበሬ ነን። የታመመ ሳይጠየቅ አይታደርም፤ ሁሉም ሱቁን ዘግቶ በቀጥታ እሳቸው ቤት። ጋቢው በርበሬ፣ ሻሹ በርበሬ። በር ላይ ቆሜ «ልብሳችሁን ሳታራግፉ አትገቡም» ብል ማን ይመነኝ። እትዬ ወርቄ «ዛሬ ደግሞ የጃንሆይ ዘበኛ ሆንክልን?» ብለው ጆሮዬን ቆንጥጠው ገቡ፣ አቅፈው ሳሟቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ።

እትዬ ዓለሚቱም ከውስጥ «ተዋቸው አንተ፣ ጠያቂ ይመለሳል እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ ሳሉ መጣ። ደረታቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው ነበር የሚያስሉት። ፋሻው ረጠበ።

የተለጠፈው ቆዳ ተነሳ። ድሬሰሩ አየውና መልሶ ሸፈነው። ኋላ ትኩሳት ገባ።

ከትናንት በስቲያ ገብቼ ሳያቸው የማደርገው ጠፋኝ። ቀልድ ፈለግሁ፣ አልመጣልኝም። ያጽናኑኝ እሳቸው ናቸው። ፀሐይ ላይ ያሰጡትን እርጥብ በርበሬ ስጎረጉርባቸው ሁልጊዜ የሚሉኝን አሉኝ፦

«አትነካካው ልጄ፣ ይደርቃል።»

ቁስሉ አልደረቀም።

ማንንም አልወቅስም። ጠያቂ ባይመጣላቸው ኖሮ ደግሞ በዚያ ይሞቱ ነበር።

እትዬ ዓለሚቱ፣ ጽጌ ከሱቅዎ ፊት ያሰጣችልዎ በርበሬ ዛሬ ደርቋል። ንፋስ ሲነካው ኮሽ ይላል። ፀሐይ በዝቶበት ሊጠቁር ነው፣ የሚያነሳው ሰው ጠፋ። እኔም ቆሜ ከማየት በቀር ሌላ አቃተኝ።

አልነካሁትም። ይኸው አንድ ቀን ቃልዎን ሰማሁ።

ደህና ይሂዱ እናቴ።