ቢሊሴ የያዮን የፓምፕ ማብሪያ የቀየረች ዕለት

ቢሊሴ ደበሳ የኤሌክትሪክ ባለሙያ የሆነችው የልብስ ስፌት ክፍሉ ስለሞላ ነው። ይህን ራሷ ስታወራው ከጣራ በላይ ትስቃለች። በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ ከኖፓ ወደ መቱ የወረደችው ስፌት ልትማር ነበር። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛው መዝጋቢ ስሟን ሊጽፍ ብዕሩን ካነሳ በኋላ ቀና ብሎ፣ «ስፌት ሞልቷል። የቀረው ኤሌክትሪክ ነው። ትገቢያለሽ?» አላት። ከኋላዋ ያለው ሰልፍ ይገፋታል፤ ወደ ኖፓ የሚመልሳት መኪና ደግሞ ሊነሳ ነው።

«እገባለሁ» አለች።

አባቷ አቶ ደበሳ ወሬውን የሰሙት ቀፎ ሊሰቅሉ ዛፍ ሥር ቆመው ሳለ ነው። «ልጄ፣ እኛ ቤት መብራት አልገባም። አንቺ ምኑን አይተሽው ነው የምትሠሪው?»

«ሲገባስ ታዲያ ማን ያስገባዋል?» አለቻቸው። አባቷ ቀፏቸውን ይዘው ወደ ዛፉ ወጡ።

ትምህርቱን ወደደችው። ተመርቃ መቱ ከተማ ውስጥ ሥራ ስትጀምር እጇ ፈጣን ነው፣ ሥራዋም ንጹሕ ነው ተባለላት። ኋላ ላይ የምትፀፀትበትን ሥራ የሠራችውም ያኔ ነው። አንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ለመታጠቢያ ቤት ተራ ማብሪያ ግጠሚልኝ አላት። ውሃ የማያስገባው ዓይነት እንደሚያስፈልግ ታውቃለች። ሰውየው ግን «ምን ለየው? የሚያበራው ያው አምፖል!» ብሎ አጣደፋትና ገጠመችለት። ክረምቱ ገባ። ኢሉባቦር ክረምት ሲገባ ግድግዳው ሳይቀር ያልበዋል። አንድ እንግዳ ታጥቦ ሲወጣ በእርጥብ እጁ ማብሪያውን ሲነካ ኤሌክትሪኩ ነዝሮ ወደ ኋላ ወረወረው። ጉዳት አልደረሰበትም፤ ግን ቢሊሴ ተጠርታ ስትደርስ እንግዳው ፎጣውን እንዳገለደመ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይቅርታ ጠየቀችው። ማብሪያውን የዚያኑ ቀን ነቅላ ጣለችው። ከዚያ ወዲያ ውሃ በሚደርስበት ቦታ ሁሉ የታሸገ ማብሪያ ካልሆነ እጇን አታነሳም።

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ጥቅምት ላይ ስልኳ ጮኸ። ደዋዩ ያዮ ላይ የእሸት ቡና ማጠቢያ የሚያስተዳድሩት ጋሼ ገብረ መድኅን ናቸው። «ቢሊሴ፣ የፓምፑ ማብሪያ እየነዘረ አስቸገረን። ቶሎ ነይልኝ።»

በማግስቱ ማለዳ ዕቃዋን በጀርባዋ አዝላ፣ መሰላሏን መኪና ላይ አስጭና ያዮ ደረሰች። ማብሪያውን ስታየው ክው አለች። ከማጠቢያው ቦይ አጠገብ፣ በሚያንጠባጥብ ቆርቆሮ ሥር፣ ምሰሶ ላይ ተቸንክሯል። ክዳኑ ተሰንጥቋል። ጎኑ ላይ በሲባጎ የታሰረ የሸምበቆ በትር ተንጠልጥሏል።

«ይሄ በትር ምንድን ነው?» አለች።

«ማብሪያ መጫኛ ነው» አሉ እትዬ ሰኚ የሚባሉ ጎልማሳ ሴት። ፓምፑን የሚያበሩትና የሚያጠፉት እሳቸው ናቸው። «በእጅ ስለማይነካ በእሱ እንጫነዋለን። ትላንት ግን በትሩም ረጥቦ ኖሮ ያዘኝ። እስከ ትከሻዬ ደንዝዞ አደረ።»

ቢሊሴ ወደ ጋሼ ገብረ መድኅን ዞረች። «መጀመሪያ ፓምፑ ይቁም።»

«ለስንት ሰዓት?»

«እስክጨርስ።»

«አንቺ ልጅ፣ እሸቱ ተከምሮ እያየሽው!»

«ካልቆመ ዕቃዬን ይዤ በሚቀጥለው መኪና እመለሳለሁ፣ ጋሼ።»

ጋሼ ገብረ መድኅን ክምሩን አዩ፤ የእትዬ ሰኚን ክንድ አዩ፤ እጃቸውን አወናጨፉና «በይ ይቁም» አሉ።

ቢሊሴ ኤሌክትሪክ ሲነካ የሚበራውን ቴስተሯን ኃይል ያለው መስመር ላይ አስነክታ መሥራቱን አረጋገጠች። ቀጥላ ቢሮ ገብታ ዋናውን የኃይል ማቋረጫ ብሬከር አጠፋች፤ በትንሽ ጓጉንቸር ቆለፈችው፤ ቁልፉንም የደረት ኪሷ ውስጥ ከታ ኪሱን ቆለፈችው። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ካርቶን አንጠለጠለችበት።

የማሽኑ ኃላፊ ጭምዴሳ ይህን ሁሉ ቆሞ ሲያይ ቅር አለው። «ማን ይነካዋል ብለሽ ነው? አታምኚንም?»

«አንተን አምናለሁ። አለመርሳትህን ግን አላምነውም።»

ወጥታ ቴስተሯን ምሰሶው ላይ ባሉት ሽቦዎች ላይ አንድ በአንድ አስነካች። አልበራም። ከዚያ በኋላ ነው በእጇ የነካችው።

ሥራው ተጀመረ፤ አሮጌውን ማብሪያ ከነበትሩ ነቅላ ወደ ጎን አኖረችው። ለአዲሱ ማብሪያ ከውሃው ራቅ ያለ፣ ደህና ጣራ ሥር የሆነ ቦታ መረጠችለት። ወፍራም ክዳን ያለው፣ ዙሪያውን ጎማ የተገጠመለት ግራጫ ሳጥን ነው። ጭምዴሳ ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ የሚታሰርበትን ብረት በመዶሻ ወደ መሬት እያስገባ ሳለ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ሌላ እሸት ቡና መጣ። ጭምዴሳ መዶሻውን ጥሎ ሮጠ። ቢሊሴ እጇ ሽቦው ላይ እንዳለ ሥራዋን ቀጠለች።

ትንሽ ቆይቶ ጭምዴሳ ተመለሰ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምነው?» አለችው።

«ብሬከሩን መልሼ ላበራ ሄጄ... መኪናውን ሳይ በቃ ሁሉ ነገር ከጭንቅላቴ ጠፋ። እጄ በልማዱ ሄደ። ካርቶኑንም አላየሁት። ጓጉንቸሩ ነው ያስቆመኝ።»

  ቢሊሴ የደረት ኪሷን ዳሰሰች፤ ቁልፉ አለ። «ስለነገርከኝ ደግ አደረግህ» አለችው። «ብዙ ሰው ይደብቀው ነበር።» እትዬ ሰኚ ግን ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም፤ «ጭምዴሳ፣ ዛሬ ከጓጉንቸር ጋር ተማክረህ ዳንክ!» ሲሉ ቡና አጣቢዎቹ ሴቶች ሁሉ በሳቅ ፈነዱ። ጭምዴሳም ራሱን እያከከ አብሯቸው ሳቀና መዶሻውን አንስቶ ብረቱን አስገብቶ ጨረሰ።

ቢሊሴ ኬብሉን ከላይ ሳይሆን ከታች አስገባችው። «ውሃ መንገድ ካገኘ ኬብሉን ተከትሎ ይገባል» እያለች ለእትዬ ሰኚ ታስረዳለች። ኬብሉ ሳጥኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ብሎ እንዲወጣ አደረገች፤ የሚወርድ ጠብታ እዚያ ጎባጣው ላይ ደርሶ ይወድቃል። ኬብሉ የሚገባበትን ቀዳዳ ውሃ እንዳያስገባ በማጥበቂያ ያዘችው፤ ክዳኑን በአራቱም ቪቴዎች ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው እያፈራረቀች አጠበቀችው። አንዱን ጎን ብቻ ካጠበቁት ጎማው ይጣመማል።

«አለቀ?» አሉ ጋሼ ገብረ መድኅን።

«ፈተናው ቀረ።»

መብራቱ እንደተቆለፈ ነው። ክዳኑን መልሳ ከፍታ ውስጡ ደረቅ ሶፍት ወረቀት አስቀመጠች፤ ዘጋችና ሦስት ባልዲ ውሃ አስደፋችበት። ስትከፍተው የወረቀቱ ጥግ ረጥቧል።

 ቢሊሴ የጎማውን ዙሪያ በጣቷ ስትዳስስ ጥፍር የምታህል የቡና ገለባ ተጣብቃበት አገኘች። «አይ አንቺ!» አለች ገለባዋን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ከመዝጋቴ በፊት መጥረግ ነበረብኝ።» ሳጥኑን አደረቀች፣ ጎማውን በጨርቅ ጠረገች፣ አዲስ ወረቀት አስገባች፣ ዘጋች። በዚህኛው ዙር ባልዲውን ያነሱት እትዬ ሰኚ ናቸው። የትላንቱን ቂም የሚወጡ ይመስል በደህናው ክንዳቸው አንድ፣ ሁለት፣ አምስት ባልዲ ደፉበት። ሲከፈት ወረቀቱ ደረቅ ነው። እትዬ ሰኚ አፍንጫቸውን ጠረጉበት፤ ሣቁ እንደገና ፈነዳ።

ቢሊሴ የመሬቱን ሽቦ ብረቱ ላይ አስራ፣ ሁሉን ዘግታ አረጋግጣ ቢሮ ሄደችና ጓጉንቸሩን ፈታች፤ ብሬከሩን አበራች። አዲሱን ማብሪያ መጀመሪያ ራሷ አበራችው፣ አጠፋችው፣ ሳጥኑንም በቴስተር ነካካችው። ከዚያ እትዬ ሰኚን ጠራቻቸው።

እትዬ ሰኚ ቆሙ። እጃቸው ዳር ወደተቀመጠው በትር ሄደ።

«በጣትዎ፣ እትዬ። እጅዎን ግን ሁልጊዜም አድርቀው።»

እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ተጫኑት። ፓምፑ አጉረመረመ፤ ውሃው በቦዩ እየዘለለ መጣ፤ ቀዩ ፍሬ አብሮ ይንከባለል ጀመር። እትዬ ሰኚ አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ጣታቸውን አዩት። «ምንም የለም!» አሉ። አጠፉት። አበሩት። እንደገና አጠፉት። «ኧረ ፓምፑን ታቃጥይዋለሽ!» ብለው ጋሼ ገብረ መድኅን ቢጮሁም የሰማቸው የለም፤ እልልታው ሸለቆውን ሞልቶታል። አንዷ በአፋን ኦሮሞ ዘፈን አወጣች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት፣ ቢሊሴን እጇን ይዘው መሐል አስገቧት፤ እሷም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አብራቸው ዘፈነች።

የመቱው አውቶቡስ ሲያልፍ አልሰማችም። የተመለሰችው ቡና በጫነ መኪና ላይ፣ ከሹፌሩ አጠገብ ተጣብባ ነው። መሰላሏን ረስታ መምጣቷ የታወቃት መቱ ስትገባ ነበር። በማግስቱ አብራቸው ከምትዘምረው የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ጋር ልትለማመድ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ የለም። የመዘምራኑ መሪ ትህትና ደንግጣ «ጉንፋን ነው?» ብትላት፣ ቢሊሴ እየሳቀች ጆሮዋ ላይ ተጠግታ በሹክሹክታ፣ «ድምፄንም ያዮ ትቼው መጣሁ» አለቻት።