የሬዊቲ ክብ መስኮት

ሬዊቲ የመርከብ ምግብ አብሳይ ነው። ልጁ ንጋይሬ ስትወለድ ባሕር ላይ ነበር፤ ጥርስ ስታበቅልም፣ ትምህርት ስትጨርስም እንዲሁ። «ሰርግሽ ላይ ግን ጉድጓዱን ቆፍሬ፣ በጉን በጋለ ድንጋይ የማበስለው እኔ ነኝ» ብሎ ምሎላታል። ሰርጉ ቅዳሜ ነበር፤ ይህ የሆነው ዓርብ ጠዋት ነው።

መርከቧ ታራናኪ ከተባለው ጠረፍ ፊት ለፊት፣ በአየር መድፍ ውኃውን እያንቀጠቀጠች ከባሕር ወለል በታች ነዳጅ ትፈልጋለች። የቀራት የአንድ ሰዓት ተኩስ ብቻ ነው፤ ያ ሳያልቅ ወደ ወደብ መመለስ የለም። ግን ሕግ አለ፤ ዓሣ ነባሪ በአቅራቢያው ከታየ መድፉ ዝም ይላል፣ ከሄደም በኋላ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ይጠበቃል። ያየ ሰው ሁሉ፣ ድስት አጣቢም ቢሆን፣ ዓሣ ነባሪ ለምትጠብቀው ለፒፓ መናገር አለበት።

ፒፓ ከላይ ሆና በመነጽር ስትቃኝ ምንም አላየችም። ሬዊቲ ግን ድንች እየላጠ በማድቤቱ ክብ መስኮት እናት ዓሣ ነባሪና ግልገሏን አየ። ተናገረ። መድፉ ዝም አለ፤ የግማሽ ሰዓቱ ቆጠራ ተጀመረ። ሃያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ደግሞ አየ። ተናገረ።

ቆጠራው እንደ አዲስ ተጀምሮ ሦስተኛ ጊዜ ሲናገር ካፒቴኑ ራሱ ማድቤት ወረደ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰርግ አለብኝ ስትል አልነበረም እንዴ?»

«አለብኝ።»

«ታዲያ ድንችህን እያየህ ብትልጥ ምን ቸገረህ?»

«ድንች ለመላጥ ዓይን አያስፈልገኝም።»

መርከበኞቹ ተማክረው መስኮቱን በዳቦ መጋገሪያ ትሪ ሸፈኑት፤ ዙሪያውን በፕላስተር ለጠፉት። «ማቱዋ፣ አባታችን፣ ለእርስዎ ብለን እኮ ነው» አሉት በአክብሮት። አንዱማ እንዳይጨንቀው ብሎ ትሪው ላይ በጠመኔ ፀሐይና ደመና ሣለለት።

ሃያ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ፕላስተሩ በእንፋሎት ላላና ትሪው ኳ ብሎ ወደቀ። ሁሉም ሮጠው መጡ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ካፒቴኑ ሳይቀር ለመስኮቱ ጀርባቸውን ሰጡ። ያየ ይናገራላ!

«እኛ ምንም አላየንም» አለ ካፒቴኑ፣ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ።

ግልገሉ እናቱን ተደግፎ ተንሳፍፏል። ሬዊቲ የመገናኛውን ስልክ አነሣ። «ፒፓ፣ አሁንም አሉ።»

አመሻሹ ላይ ለልጁ ደወለ። «ነገ አልደርስም። አንዲት እናት ከነልጇ አልሄድም ብላ…»

ንጋይሬ ጠየቀች፦ «ግልገሉ ወፍራም ነው?»

«እንዳንቺ ነው፣ ስትወለጂ…» ብሎ ቆም አለ። «እናትሽ እንደነገረችኝ።»

«በል ፓፓ፣ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ እጠብቅሃለሁ። ሙሽራው እንደሆነ ጉድጓድ መቆፈር አይችልም።»

ሬዊቲ ስልኩን ዘጋ። ፀሐይና ደመናውን ከትሪው ላይ አጠበና ዳቦ ጋገረበት።