«ወራጅ አለ» ማለት ያቃታት የበረራ ነርስ

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ከቢሾፍቱ ወደ አዳማ

ከካምፑ በር ስወጣ ገና ድንግዝግዝ ነበር። ትከሻዬ ላይ ቦርሳ፣ ኪሴ ውስጥ የአራት ቀን ፈቃድ፣ ጆሮዬ ውስጥ የሻምበል ድምፅ።

ሻምበል የበረራ ነርሶች አሠልጣኛችን ናቸው። ቁስለኛ በሚያመላልስ የጦር አውሮፕላን ውስጥ ከሞተሩ ጩኸት የተነሣ የልብ ምት በማዳመጫ አይሰማም። ነርሷ በጣቷ ዳስሳ ያገኘችውን ለሐኪሙ ጮኻ ትናገራለች። ዳሰሳውን አለፍኩ፤ ጩኸቱን ወደቅኩ። ሻምበል ከአውሮፕላኑ ወዲያኛው ጫፍ ቆመው ብዙ ካዩኝ በኋላ፣ «ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጸሎት ላይ ናት?» አሉ። ከዚያ ቀረብ ብለው፣ «ቃሬዛ ላይ ያለው ሰው አይጮህም፤ የምትጮኺለት አንቺ ነሽ። ሰኞ ድጋሚ እፈትንሻለሁ። ካልተሰማሽ በረራው ይቀርና ክሊኒክ ቁጭ ብለሽ ፋሻ ትጠቀልያለሽ» አሉኝ።

ሚኒባሱ አዳማ ሲገባ ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ «ወራጅ አለ» አልኩ። ማለቴን እርግጠኛ ነኝ። መናኸሪያ ድረስ ሄጄ በባጃጅ ተመለስኩ።

ዓርብ፣ አዳማ

እናቴ በእኔ የምትኮራው በድምፄ ነው፤ ማለትም ባለመኖሩ። «የኔ ልጅ እኮ ቤት ውስጥ መኖሯም አይታወቅም» ትላለች፣ ጥሩ ፍሪጅ እንደሚያሞግስ ሰው። ሰፈሩም፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱም፣ ዩኒቨርሲቲውም «ጨዋ ልጅ» እያሉ ስንት ዓመት ሲቀንሱት የኖሩትን ድምፅ ሠራዊቱ አሁን በአራት ቀን ክፈቺው ይለኛል።

ከምሳ በኋላ ክፍሌን ዘግቼ፣ ፊቴን ትራስ ውስጥ ቀብሬ፣ ለሐኪሙ የደም ግፊት እንደምናገር ሆኜ፣ «ግፊቱ ወርዷል! ግፊቱ ወርዷል!» ማለት ጀመርኩ። በሩ ተከፈተ። እናቴና ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ጠበል የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው ቆመዋል።

«ምንድን ነው የወረደው? በስመ አብ በይ!» አለች እናቴ።

«ማነህ አንተ? የት ያዝካት? ተናገር!» አሉ እትዬ አልማዝ፤ ለእኔ ሳይሆን ውስጤ አለ ላሉት ሰይጣን።

ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ያኔ እንኳ አልጮህኩም። «አመሰግናለሁ» አልኩ።

ስለ ፈተናው ስነግራቸው እናቴ ባሰባት። «ነርስ ከሆንሽ መርፌሽን አትወጊም? ምን ያስጮህሻል?»

እትዬ አልማዝ ነገሩን ሊያበርዱ፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አውሮፕላን ላይ ሻይ ቡናውን ስታዞሪ ፈገግ ካልሽ ይበቃል» አሉኝ። ሆዱ የተመታ ሰው ሻይ እንደማያዝ ልነግራቸው ፈለግኩ። ፀጉሬን በፎጣ አደረቅኩ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ መቂ

አጎቴ ጋሽ ግርማ የሽንኩርት ደላላ ናቸው። ስልክ የያዙት ለወግ ነው እንጂ ያለ ስልክም ድምፃቸው ከመቂ አዳማ ይሰማል። «እኔ ጋ ላኪያት፣ በአንድ ቀን አሠለጥናታለሁ» ብለው እናቴን አሳምነዋል።

የሽንኩርት ጆንያ፣ የቲማቲም ሣጥን፣ አቧራ፣ የአይሱዙ ጭስ። ጫኞቹ በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ!» እያሉ እንዴት አደርሽ ይሉኛል፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ እመልሳለሁ። ጋሽ ግርማ ወደ ኋላ የሚመጣ አይሱዙ አሳዩኝ።

«በይ አስቁሚው!»

«ይቅርታ ጋሼ፣ ካላስቸገርኩዎት...» አልኩ።

መኪናው ሁለት ሣጥን ቲማቲም ጨፍልቆ በራሱ ጊዜ ቆመ።

«እንዲህ ከሆነማ ያ ቃሬዛ ላይ ያለው ወታደር አለቀለት!» አሉ አጎቴ። ጫኞቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ የተጨፈለቀውን ቲማቲም ለቀምኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ላንጋኖ

ሰው በሌለበት ልሞክረው ብዬ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ሰው የሌለበት ቦታም መግቢያ ያስከፍላል፤ ከፍዬ ስገባ ደግሞ ሰው ሞልቶታል። ሻይ የመሰለ ውሃ፣ ፎቶ የሚነሡ ሙሽሮች፣ ቁመቴን የሚያህል ድምፅ ማጉያ። ወደ ውሃው ዞሬ አፌን ስከፍት የሆቴሉ ጥበቃ እየሮጠ መጣ። ሙዚቃው አላናግር ስላለው በእጁ ምልክት አሳየኝ፦ እንግዶቹን እንዳልረብሽ። ገና ምንም አልወጣኝም ነበር።

እሑድ፣ ከመቂ ወደ ቢሾፍቱ

በአጎቴ ቤት አድሬ የአዲስ አበባ ሚኒባስ ያዝኩ። አጠገቤ በዕድሜ የገፉ እናት፣ ጭናቸው ላይ በፌስታል ቲማቲም ይዘው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ሞጆ ደረቅ ወደብ በር ላይ ይጠብቃቸዋል። ስልክ የላቸውም። «እዚያ ካጣኝ የት ብሎ ይፈልገኛል?» ይላሉ በየመሐሉ።

ደረቅ ወደቡ ሲታይ «ወራጅ አለ ልጄ» አሉ። የሾፌሩ ዘፈን ዋጠው። ደገሙት። ኮንቴይነሮቹ በመስኮቱ እያለፉ ነው። ክንዴን ያዙኝ፤ ጣቴ በልማድ የእጃቸው የደም ሥር ላይ አረፈ። ምቱ ይሮጣል።

«ወራጅ አለ!»

ማን እንደጮኸ ለማየት እኔም ዞርኩ። ሾፌሩ ፍሬኑን ረገጠ። ቲማቲሙ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፣ ኋላ ወንበር ላይ የተኛ ሕፃን አለቀሰ።

«በማርያም! ማን ሞተ?» አለ ረዳቱ።

«ማንም። እሳቸው ሊወርዱ ነው» አልኩ፣ ወደ ሹክሹክታዬ ተመልሼ።

እናትየዋ መሬት ከረገጡ በኋላ ቀና ብለው አዩኝ። «ይህን ድምፅ ይዘሽ ነው መንገዱን ሙሉ እንደ ድንጋይ ዝም ያልሽው?» ከኋላቸው አንድ ጎልማሳ እየሮጠ ሲመጣ አየሁ።

ቢሾፍቱ፣ ካምፑ መታጠፊያ ላይ፣ «ወራጅ አለ» አልኩ። ረዳቱ ቀና እንኳ አላለም። የወረድኩት ዱከም ነው።

ወደ ኋላ የሚመልሰኝን ታክሲ ቆሜ ስጠብቅ አሰብኩበት። ነገ ለፈተናው ቃሬዛ ላይ የሚተኛው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ለእሱ ግን አልሰጋም፤ ድምፄ የሚጠፋው ለራሴ ሲሆን ነው። እኔ ከታመምኩ ሌላ ነርስ ፈልጉልኝ።