እኩያዬ ማሳ

«ዘንድሮ ካረስሽው ያንቺ ነው፤ ጦም ካሳደርሽው ለሌላ እሰጠዋለሁ፤ ኋላ አልሰማሁም እንዳትይ» አለኝ የቀበሌያችን የመሬት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ማሳው መሀል ቆሞ። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅ የጠናሁት ይህን ማሳ ብዬ ነው። ጎንበስ ብዬ አንድ ጓል አነሳሁና ፈረፈርኩት። እንደ ገል ቀልቷል፤ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው የድሮው ጢስ አሁንም አለበት።

ይህ ማሳ እኩያዬ ነው፤ አባቴ ያሳረፈው እኔ በተወለድኩ ዓመት ነው። ከዘመሮ ከተማ በላይ ባለው ደጋችን እንዲህ ያለ መሬት ለዓመታት ሣር ለብሶ ይተኛና ሣሩ ከነሥሩ ይገለበጣል፣ ጓሉ ተቆልሎ በኩበት እሳት ውስጥ ለውስጥ ሲጤስ ይሰነብታል፤ ያን ዓመት ገብሱ ሰው ይደብቃል፣ ከዚያ መሬቱ ደክሞት እንደገና ይተኛል። እኔን ትንሽ ካረፈድኩ ብርድ ልብሴን ገፎ የሚያስነሳኝ አባቴ ለማሳው እንቅልፍ ግን ዘበኛ ነበር። «አንቺ ስታድጊ እናቃጥለዋለን» ስለሚለኝ ቶሎ ለማደግ ቆሎ በእፍኝ እቅም ነበር።

ያኔ ከገበያ የምንገዛው ጨውና ላምባ ነው። እናታችን የበጎቹን ጠጉር ትፈትላለች፣ አባቴ የምንለብሰውን ባና ይሠራበታል፤ ባናው ስለሚኮሰኩስ ስናክክ እናድራለን፣ ግን ይሞቀናል፣ ደግሞም የራሳችን ነው።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ መሬት ሊሸነሸን ነው ተባለ። ጎረቤታችን ጋሽ ተክሌ «በሬ አስገባና ለይስሙላ ጫር ጫር አድርገው፤ ሣር ካዩ ይወስዱታል» ቢለው፣ አባቴ «ሊነጋለት ትንሽ የቀረውን ልቀስቅሰው?» ብሎ ሳቀበት። ገመድ የያዙት ሰዎች መጡ፣ ሣሩን አዩ፣ ማሳውን ለክተው ልጆች ለበዙበት ለጋሽ ተክሌ ሰጡት።

ጋሽ ተክሌ በዚያው በጋ አቃጠለው። ጢሱ ቤታችን ድረስ እየመጣ እናቴ በር ስትዘጋ አባቴ ደጅ ተቀምጦ ያሸተው ነበር። ገብሱ ሰው ደበቀ። ጋሽ ተክሌ አፍሮ አንድ ስልቻ ገብስ ይዞልን መጣ፤ አባቴ እናቴ ከቆላችው ላይ ዘገን አድርጎ ቃመና «ጥሩ ገብስ ነው» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ባና ሲሠራ አላየሁትም። በጎቹ አንድ በአንድ ተሸጡ፣ እሱ የሰው መሬት በእኩል ማረስ ያዘ፣ እኛም ገብስ በጣሳ መሸመት ጀመርን። ሲሞት የለበሰው የሰልባጅ ካፖርት ነበር። ጋሽ ተክሌም በአባቴ የደረሰውን ስላየ ማሳውን አንድም ዓመት ሳያሳርፍ አረሰው፣ አረሰው፣ መሬቱ ዘሩን እንኳ መመለስ ሲያቅተው ትቶት ለቀን ሥራ ተሰደደ።

«ታርሻለሽ አታርሺም?» አለ ሰብሳቢው።

«ላሳርፈው ቢፈቅዱልኝስ፣ ጋሼ? አሥር ዓመት እንኳ።»

«እረፍት ለሰንበት ነው» ብሎ ሳቀ።

እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ፣ ማመልከቻዬን የያዝኩበትን ፌስታል አንጠለጠልኩና ማሳውን ትቼ እንደ ጋሽ ተክሌ ወደ መኪናው መንገድ ወረድኩ።