አምባራስ ላይ የጨፈረው ጓድ

ገበያነሽ የአምባራስ አልቃሽ ናት። በዚያ አገር እሷ ሙሾ ያላወረደችለት ሰው እንደ ወጉ ተቀበረ አይባልም። ዘፈን ግን ካፏ ወጥቶ አያውቅም።

በደርግ ጊዜ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ጓድ ምንውየለት የሚባል ካድሬ ጓደኞቹን አስከትሎ «ተራራ ልናይ፣ ባህል ልናጠና» ብሎ ከደባርቅ መጣ። ዳገቱን የወጣችው የተቀመጠባት በቅሎ፣ ሲያለከልክ የደረሰው እሱ! ገና ከኮርቻው ሳይወርድ፣ «ጭቁኗ እናት፣ የባላገሩን ዘፈን አሰሚን፤ ስሜንም አስገቢበት» ብሎ ገበያነሽን አዘዘ።

«ዘፈን አላውቅም፤ የኔ ሥራ ሙሾ ነው» ብትለው፣ «ባህል ባህል ነው!» ብሎ ጮኸባት።

«እሺ» አለች በሆዷ እየሳቀች። እንዲህ ያለውን ጅል ከየት ይሆን የሚያመጡት? ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች ጀመረች፦

«ምንውየለት ጀግናው፣ የወንዶቹ አውራ፣
በቅሎህ ባዶዋን መጣች ከተራራ።»

ያገሬው ሰው ደንግጦ አማተበ። ጓድ ምንውየለት ግን «የወንዶቹ አውራ» መባሉን እንጂ ሌላውን መች ሰምቶ! ልቡ አብጦ፣ ትከሻውን እየሰበቀ እስክስታ ወረደ። ጓደኞቹም አጨበጨቡለት።

«ይደገም!» አለ ላቡን እየጠረገ።

ገበያነሽ ነጠላዋን አቃናች። «የእርስዎን ጨርሻለሁ፣ ጌታው። ለአንድ ሰው ስንቴ ይለቀሳል?»