ሞተሩ በሚካኤል ቀን

መቱ፣ በአንድ የቡና ነጋዴ ግቢ ውስጥ ስድስት ሙቀጫ ነበር። ስድስት ሴቶች የደረቀውን ቡና ከነገለባው ይወቅጡበታል፤ አንዷ እናቴ ነበረች። አባቴ ከሞተ ወዲህ የምንኖረው በዚሁ ሥራዋ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ገለባውን በሰፌድ አበጥራለሁ። ዘነዘናው በተራ ሲወርድ፣ ሴቶቹ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ሲቀባበሉ፣ ያ ድምፅ ይኸው ስንት ዘመን ከአገሬ ርቄ ኖሬም ከጆሮዬ አልወጣም።

አንድ ጥቅምት ነጋዴው ቡና የሚፈለፍል ሞተር አስመጡ። ልዋሽ አልፈልግም፤ ከተማው ደስ ብሎት ነበር። የጭነት መኪናው በዛ፣ ሣር ቤቱም ቆርቆሮ ለበሰ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ ስንወጣ ሞተሩ ይጮኻል። በበዓል መውቀጥ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ሴቶቹ የነፍስ አባታቸውን ከበቡ።

«አባታችን፣ በሚካኤል ቀን እየሠራ እኮ ነው! ይገዝቱልን!»

«ማንን ልገዝት ልጆቼ? ሞተር ክርስትና አልተነሣ።»

«እሱማ ምናለበት፣ ናፍጣውን ይጠጣል፤ ጾም የለበት!» አለች ከስድስቱ ምላሰኛዋ። ሁሉም ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም።

በማግስቱ ሙቀጫዎቹ ግድግዳ ሥር ተደፍተው አገኘናቸው።

«ጋሼ፣ እኛስ?» አለች እናቴ ነጋዴውን።

«ሞተሩ ፍሬ ይሰብራል። ስባሪውን የምትለቅም አንዲት ሴት ትበቃኛለች። ዓይንሽ ጥሩ ነው፣ አንቺ ነይ። መኪናው ግን በዓል አይጠብቅም፤ በበዓልም ትመጫለሽ።»

አምስቱ አዩዋት። እኔም አየኋት፤ እምቢ ካለች ትምህርቴ እንደሚያበቃ አውቃለሁ።

«መልቀም እንደ መውቀጥ አይደለም» አለች እናቴ። «ምስርስ በበዓል ይለቀም የለ?»

«ይለቀማል እህቴ» አለች ምላሰኛዋ ነጠላዋን እያጣፋች፤ «ለራስ ወጥ ሲሆን።»

አራቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ሁሩሙ ሄዱ። ምላሰኛዋ መቱ ቀርታ እንጨት መሸጥ ያዘች።

የታኅሣሥ ሚካኤል ዕለት እናቴ በጠዋት ቀሰቀሰችኝ። «ሂጂ፣ ለእኔም ተሳለሚልኝ» ብላ ወደ ሥራዋ ወጣች። እኔም የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ሁለት ጊዜ ሳምሁ። ቀና ስል ምላሰኛዋ አጠገቤ ቆማለች።

«ሁለተኛው የማነው?»

«የእናቴ።»

አንድ ነገር ትለኛለች ብዬ ፈራሁ።  እሷ ግን ደጁን ሳመች፤ ቀና አለችና ጎንበስ ብላ ደግማ ሳመችው።